ከሁለት በቅሎ አንዷን፦ እናቴን ይዤ ወደ አሸተን ማርያም

ሁለቱም ዳማ ናቸው። ሁለቱም መካከለኛ ቁመት አላቸው። ሁለቱም ቀይ ግላስ ለብሰዋል። ዋጋቸው እንኳ እኩል ነው። አንደኛዋ ሸጋ ትባላለች፣ ሌላኛዋ እንኮይ። እኔ ደግሞ ላሊበላ ከተማ ዳር፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በብርድ በደነዘዘ እጄ ስልኬን ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ እናቴ በየትኛዋ ትውጣ?

"ሁለቱም ያው ናቸው፤ አንዷን ያዝና እንሂድ" አለች እህቴ እያዛጋች።

እውነቷን ነው፣ ያው ይመስላሉ። ችግሩም እሱ ነው። አንዷ ከሲታ ሌላዋ ደልደል ያለች ብትሆን ኖሮ ማንም መምረጥ አያቅተውም። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ተመሳሳይ ነገር ፊቱ ሲቆም ነው። ያኔ ቀለሙን ወይም ጌጡን ያይና "በቃ ይቺ ትሁን" ይላል።

ስለቱ

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ደረጃ ገና ከሩቅ ሲያይ ያማታል። ግን ስለት አለባት። እህቴ በምጥ በተጨነቀችበት ሌሊት፣ "ልጄ በሰላም ከተገላገለች፣ የሚወለደውን ይዤ አሸተን ማርያም እወጣለሁ፤ ጃንጥላም አገባለሁ" ብላ ተስላለች። ልጁ በሰላም ተወለደ። አሁን 7 ዓመቱ ነው።

ለምን ሰባት ዓመት ቆየ ካላችሁ፣ መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ በኋላም መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። እናቴ በየዓመቱ ጃንጥላውን ከቁም ሳጥን ታወጣና አራግፋ ትመልሰዋለች። "እሷስ ትታገሠኛለች፤ የማይታገሠኝ ጉልበቴ ነው" ትላለች።

እስከሚደርስበት ድረስ በመኪና ብንሄድስ ብዬ ነበር። "ተስዬ በመኪና? ለሽርሽር መሰለህ እንዴ!" አለችኝ። "እግሬ ካቃተው በበቅሎ ነው። እናቴም በበቅሎ ነው የተሳለመችው።"

ስለዚህ የኔ ሥራ አንድ ሆነ። በቅሎ መምረጥ።

ለምን በቅሎ?

አሸተን ማርያም ከላሊበላ በላይ ባለው ተራራ፣ ከገደሉ አለት ተፈልፍላ የተሠራች ገዳም ናት። ትውፊቱ ሥራዋን ንጉሥ ላሊበላ ጀመረው፣ ተተኪው ነአኩቶ ለአብ ፈጸመው ይላል። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ገዳሟ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ወደ ላይ ቀና ስትሉ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። በደህና እግር ከከተማው እስከ ገዳሟ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለታመመ ጉልበት ግን ሰዓቱን ባትቆጥሩት ይሻላል።

ባሕር ዳር ብንሆን ቤተሰቡን ይዘን ጣና ዳር ጀልባ እንመርጥ ነበር። ላስታ ላይ ጀልባችን በቅሎ ናት።

በቅሎን "አባትሽ ማን ነው?" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች ይባላል። ባባቷ በአህያው አፍራ ነው። ለአሸተን መንገድ ግን የሚያስመካት አባቷ ነው። ጠበብና ጠንከር ያለው ሰኮናዋ ከእሱ ነው፤ ጥንቃቄዋም እንዲሁ። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል። በቅሎ ቆም ትላለች፣ ታያለች፣ ካልተዋጠላት አንድ እርምጃ አትሄድም። እኛ ግትርነት እንለዋለን። ገደል ዳር ላይ ግን ያ ግትርነት ነፍስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63። በጎደሎው ቁጥር ምክንያት በቅሎ አትወልድም ማለት ይቻላል። ላም ያለው ሰው ጥጃ ይጠብቃል። ባለበቅሎ ግን የሚጠብቀው ምትክ የለም። በቅሎው ከተጎዳች ቤቱ ተጎዳ ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉት፣ ወደኋላ ያስፈልገናል።

የድሮ ሰዎች ፈረስን ለጦርነት፣ በቅሎን ለመንገድ ነበር የሚሉት። መኳንንቱም ካህናቱም እመቤቶቹም ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን የዞረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በበቅሎ ተጉዟል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መስጋት ደርሷል። እሱ ካለፈ 500 ዓመት ሆነው። እኛም የምንወጣው በዚያው ዓይነት እንስሳ ነው።

የስልኬ ዝርዝር

ስልኬ ላይ ዝርዝር ይዤ ነበር የሄድኩት። ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ አካባቢ፣ ሌላ ተራራ ላይ በቅሎ ተከራይቼ ነበር። ግላሷ የሚያምር፣ አንገቷ ላይ ቃጭል ያላት። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ተነሳሁ። ለጠፍኩት፤ ላይኩም ጥሩ ነበር። ማታ ኮርቻው ሲወርድ ግን ጀርባዋ ላይ መዳፌን የሚያህል ቁስል አየሁ። ቀኑን ሙሉ የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነው። ፎቶዎቹን አጠፋሁ። ቁስሉ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ በዚያ ማለዳ የመጀመሪያው ጥያቄዬ "ኮርቻው ይውረድልኝ" የሚል ነበር። ሁለቱም ባለቤቶች ሳያንገራግሩ አወረዱ። የሸጋ ጀርባ እንደ መስታወት ንጹሕ ነው። እንኮይ ግን ትከሻዋ አጠገብ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ሦስት ነጫጭ ቦታዎች አሏት። በጥቁር ወይም በዳማ በቅሎ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ጠጉር ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ኮርቻ ያቆሰለውና የዳነ ቦታ ነው። ቁስሉ ይድናል፣ ጠጉሩ ግን ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ለሸጋ አንድ ነጥብ ሰጠሁ።

ቀጥሎ እግር። ሁለቱንም ሃያ እርምጃ ያህል አስሄድኳቸው፤ ከኋላም ከፊትም አየሁ። የሚያነክስ የለም። ሰኮናቸውም አልተሰነጠቀም። እኩል።

ከዚያ ኮርቻው። የሸጋ የሆድ መታጠቂያ ቀጭን ገመድ ነው፤ የእንኮይ ሰፊና ለስላሳ ነው። ከኮርቻው ስር የተነጠፈውም የእንኮይ ወፈር ይላል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለው ተረት ለበቅሎም ይሠራል። መታጠቂያው ከላላ ኮርቻው ከነሰውየው ይዞራል። ለእንኮይ አንድ ነጥብ።

ክብደትም አለ። ለፈረስ የተለመደው ምክር ጭነቱ ከነኮርቻው ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ እንዳያልፍ ነው። በቅሎ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ትችላለች ይላሉ። እናቴ ቀላል ናት፤ 50 ኪሎ አትሞላም። እህቴ ግን "ልጁንም ከፊቷ እናስቀምጠው" የሚል ሐሳብ ነበራት። 23 ኪሎ ይጨመራል ማለት ነው። ሁለቱም በቅሎዎች ትናንሽ ናቸው። ይቅር አልኩ። ልጁ ተቀየመኝ።

ዕድሜ ጠየቅሁ። ሸጋ 6፣ እንኮይ 14። ወጣቷ ይሻላል እንዳትሉ፤ በቅሎ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። 14 ዓመት ለበቅሎ ጎልማሳነት ነው።

ዝርዝሬ አለቀ። ሁለቱም አለፉ፣ ሁለቱም እኩል። ዝርዝር መጥፎውን ከጥሩው ይለይላችኋል። ሁለት ጥሩዎች ሲመጡ ግን ዝም ይላል።

"ሰጋር ናት!"

ሚዛኑን የደፋው የሸጋ ባለቤት ነው፣ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሃያዎቹን ያላጋመሰ፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው። ዘሎ ወጣባትና አስፋልቱ ላይ ሽው አደረጋት። "ወንድሜ፣ ሰጋር ናት እኮ! ጠላ በብርጭቆ ይዘህ ብትቀመጥባት ጠብ አይልም!"

ሰጋር በቅሎ ማለት የአንድ ጎን እግሮቿን አብራ እያነሳች፣ ሰውነቷን ሳትነቀንቅ የምትሄድ ናት። በጥንት ጊዜ ሰጋር በቅሎ ያለው ሰው ዛሬ ቪ8 እንዳለው ነው። ቪዲዮ ቀረጽኩ። እናቴ ሳትንገጫገጭ ስትወጣ ታየኝ። በቃ ሸጋ ናት አልኩ በልቤ።

የእንኮይ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ሲያዩን ቆይተው አንድም ቃል አልተናገሩም። ኮርቻቸውን መልሰው ጫኑ፣ አጠበቁ፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና አጠበቁ።

በዚህ መሃል ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። የተቀየመው ልጅ የስለቱን ጃንጥላ ከላስቲኩ አውጥቶ ኖሮ፣ ቷ! አድርጎ ከፈተው። ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ጃንጥላ ነው። ሸጋ በአንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ዘለለች፤ ልጁ ልጓሟን ይዞ አረጋጋት። እንኮይ ሁለቱንም ጆሮዋን ወደ ጃንጥላው አቅንታ አየችው። አየችና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

እናቴ እስካሁን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያኔ ተነሳች።

"ልጄ" አለችው ወጣቱን፣ "በቅሎህን የሚከብዳት ምንድን ነው?"

"ምንም እማማ! ምንም አይከብዳትም። እስከ ደጇ አወጣዎታለሁ፤ ሳይወርዱባት ደግሞ እዚሁ መልሼ አመጣዎታለሁ።"

"ጎሽ፣ ተባረክ" አለችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። "የርስዎስ?"

ሽማግሌው ወደ ተራራው አዩ። "ዳገቱ አይከብዳትም" አሉ። "ቁልቁለቱን ግን ሰው ጭና ስትወርድ አልወድላትም። ላይ ድንጋያማው ጋ ስንደርስ በእግርዎ ነው የሚወርዱት፤ እኔ እይዝዎታለሁ። ሜዳው ላይ እንደገና እንጭንዎታለን። ደግሞ ውሃ ካየች ትቆማለች፤ ሳትጠጣ አትሄድም። ጊዜ ትፈጅባችኋለች።"

እኔ ጣልቃ ገባሁ። "ጀርባዋ ላይ ያለው ነጩስ?"

"እሱ የኔ ጥፋት ነው" አሉ። "ያኔ ኮርቻው የውሰት ነበር፤ አልገጠማትም። ሁለት ወር አሳረፍኳት፣ ሌላ ኮርቻ አሠራሁላት።"

እናቴ እጇን እንኮይ አንገት ላይ አሳረፈች። "ይቺ ትሁነኝ።"

ወደ ጎን ወስጄ ተከራከርኳት። ሸጋ ወጣት ናት፣ ጀርባዋ ንጹሕ ነው፣ ሰጋር ናት፣ በዚያ ላይ መውረድ የለብሽም አልኳት። እናቴ ገጠር ያደገች ናት፤ ስልክ ላይ ዝርዝር ይዛ አታውቅም። እንዲህ አለችኝ፦ "ምንም አይከብዳትም ያለኝ ልጅ፣ ብወድቅ የት እንደምወድቅ አያውቅም። ሰውየው ያውቃል።"

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ዳገቱ ላይ ሰጋርነት የሚባል ነገር እንደሌለ የገባኝ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። መንገዱ ድንጋይ ነው። ማንም በቅሎ እዚያ ላይ አይሰግርም፤ እግር መርጦ ማሳረፍ ብቻ ነው ያለው። ያደነቅኩት ችሎታ ለአስፋልቱ ነበር። እኛ ደግሞ አስፋልቱን ትተነዋል። ባሕር ዳር ያደገ ጓደኛዬ "ጀልባ ስትመርጥ ቀለሙን ተወውና የሕይወት አድን ጃኬቱን ቁጠር" ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

እንኮይ እንደተባለው ውሃ ስታይ ቆመች። ጠጣች። ጠበቅናት። የተቀየመው ልጅ ሁላችንንም ቀድሞ፣ ከላይ ሆኖ "ኧረ ፍጠኑ!" ይለናል። ከቀጥታው ዳገት በኋላ ሜዳማው ላይ ስንደርስ የገብስ ማሳ አለ፣ ቤቶች አሉ፣ ቁልቁል ላሊበላ እንደ መጫወቻ ታንሳለች።

ሽማግሌውን ስለ ሥራው ጠየቅኳቸው። "እንግዳ ቢጠፋም በቅሎ መብላቷን አትተውም" አሉኝ። ኮሮናውም ጦርነቱም እንግዳውን ሲያስቀር፣ ገብሱና ጭዱ አልቀረላቸውም። ብዙ ሰው በቅሎውን ሸጧል። እሳቸው አልሸጡም። "ብሸጣት ምን ልሠራ? እሷ እኮ አትወልድም፤ ሁለተኛ እንኮይ የለችም።"

መጨረሻ ላይ በአለቱ መሃል የተቆረጠውን ጠባብ መተላለፊያ እናቴ በእግሯ አለፈች፣ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇ ልጁ ትከሻ ላይ። ቄሱ የብራና መጽሐፍና መስቀል አሳዩን። ጃንጥላውን ያስረከበው ልጁ ነው። እናቴ ወለሉን ስትስም ቆየች፤ እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ መውረድ መጣ። ጉልበት የታመመ ሰው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከመውጣት መውረድ ይብሳል። በቅሎዋ ላይም እንደዚያው ነው። ሰው ጭና ስትወርድ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት እግሯ ይሄዳል፣ ኮርቻውም ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። ድንጋያማው ጋ ስንደርስ ሽማግሌው እናቴን አወረዷት። የልጓሙን ገመድ ኮርቻው ላይ ጣል አድርገው እንኮይን ለቀቋትና የእናቴን ክንድ ያዙ። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አንድ እርምጃ፣ እረፍት፣ አንድ እርምጃ። እኔ ከውስጤ አጉረመረምኩ፤ በሸጋ ቢሆን ይሄኔ ከተማ ገብተናል።

መሃል ላይ ከእንኮይ የፊት እግር ስር ድንጋይ ከዳ። ጠጠሩ ቁልቁል ሲንሸራተት ሰማን። ፊቷ ወደ ታች ደፋ አለ። በኋላ እግሮቿ ቁጭ እንደማለት አለችና ራሷን ያዘች፤ ተነሳች፤ ቆመች። ሁሉም ነገር ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ኮርቻው ባዶ ነበር።

ማናችንም አልተናገርንም። ሽማግሌው ብቻ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" አሉ። ለእንኮይ ይሁን ለእናቴ አላወቅኩም።

ሁላችንም ያስተማርነው መልስ

ሜዳው ላይ ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? ሸጋን። ባለቤቷ ሌላ እንግዳ ይዞ ነበር። እሱም እንግዳውን ከድንጋያማው ቦታ ላይ አውርዶ በእግሩ ነው ያመጣው። ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። በቅሎው ጎበዝ ናት፣ እሱም ጎበዝ ነው። ታዲያ ለእናቴ ለምን "ምንም አይከብዳትም" አላት?

ሳስበው መልሱ እኛው ጋ ነው። እንግዳ ሁሌ "ትችላለች? ፈጣን ናት? ርካሽ ናት?" ብሎ ይጠይቃል። "ትቸገራለች" ያለ ባለበቅሎ ገበያውን ለጎረቤቱ ይለቃል። በሥራ ድርቀት የከረመ ሰው ደግሞ ገበያ አይለቅም። "ምንም" የሚለውን መልስ ያስተማርነው እኛ ነን። ቁስሉን በግላስ መሸፈንም ከዚያው ነው የሚመጣው፤ ጌጡን አይተን ስለምንመርጥ።

ስለዚህ አሸተንም ሆነ ሌላ ተራራ ቤተሰብ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ፣ ይህን ያዙ። ኮርቻው ወርዶ ጀርባዋን እዩ። አስሂዱና እግሯን እዩ። መታጠቂያውን በእጃችሁ ንኩ። ሁለት ሰው በአንድ በቅሎ አትጫኑ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ደርሶ መልስ ብላችሁ ተስማሙ፤ የሚጠብቅባችሁንም ሰዓት ቁጠሩለት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሁለት እኩል በቅሎዎች ፊታችሁ ከቆሙ፣ የእናቴን ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚከብዳት ምንድን ነው? መልስ ያለውን ሰው ምረጡ። መልሱን ሰምታችሁም አትሽሹ፤ እውነት ስለነገራችሁ ገበያ እንዳያጣ።

ሸጋን ደግሞ አልረሳናትም። ልጁ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል። "የሚቀጥለው ጊዜ በኔ ነው" አለኝ።

"እሺ" አልኩት፣ "ግን እናቴ መጠየቋ አይቀርም።"

ሳቀ። ትንሽ አሰበና "ጃንጥላ አትወድም" አለኝ።